ፕሮዲውሰር ብር አውጪ ብቻ ነው? የጎድዚላው ቶሞዩኪ ታናካ

ሰሚራ ከደሴ፦
ሰላም ጀመዓ። የፊልም ቡድናችን በሚቀጥለው ወር የሚወያየው ስለ ጃፓናዊው ፕሮዲውሰር ቶሞዩኪ ታናካ ነው። እኛ ዘንድ ፕሮዲውሰር ሲባል ብር ያለው ሰው ነው የሚታሰበው። ታናካ ግን የቶሆ ስቱዲዮ ባልደረባ ነበር፤ ብሩ የስቱዲዮው ነው። ታዲያ የእሱ ሥራ ምን ነበር? ከውይይቱ በኋላ ደግሞ የፒያሳን ሕንጻዎች በትንሹ ሠርተን፣ ግዙፉ አውሬ ጎድዚላ ከተማ እንደሚያፈርስበት እንደ 1954ቱ ፊልም ሲፈርሱ በስልክ ለመቅረጽ አስበናል። ምን ላይ እንጠንቀቅ?

ቦርከና ዳር፦
እህቴ፣ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጥቀስልሽ። ታናካ በ1910 ኦሳካ ክፍለ ሀገር ተወለደ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ቶሆ ገባ፣ በ1948 በስቱዲዮው የሠራተኞች ግጭት ጊዜ ለቆ ወጣ፣ በ1952 ተመለሰ።

በ1954 ከኢንዶኔዥያ ጋር በጋራ የሚሠራ ትልቅ ፊልም ይዞ ነበር። ኢንዶኔዥያ ለጃፓኖቹ ቪዛ ስትከለክል ዕቅዱ ፈረሰ፤ በስቱዲዮው ፕሮግራም ላይም ክፍት ቦታ ቀረ። ከጃካርታ ሲመለስ በአውሮፕላን መስኮት ባሕሩን ቁልቁል እያየ የአውሬው ሐሳብ መጣለት ይባላል። ሰው ሁሉ የሚወደው ይህን ነው። እኔ ግን በውይይታችሁ ላይ ከአውሮፕላኑ ከወረደ በኋላ ያደረገውን ብታጠኑ እመርጣለሁ።

መጀመሪያ ሐሳቡን ወቅቱ ካመጣው ፍርሃት ጋር አያያዘው። በዚያው ዓመት ማርች 1 አሜሪካ ቢኪኒ በተባለው የፓስፊክ ደሴት ላይ ባፈነዳችው የሃይድሮጂን ቦምብ 23 ሰው የያዘች የጃፓን ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ተመርዛ ነበር። አውሬውን ከባሕር የሚቀሰቅሰው የቦምብ ሙከራ የሆነው ለዚህ ነው። ቀጥሎ ሐሳቡን ለስቱዲዮው ኃላፊ ለኢዋዎ ሞሪ አቀረበ። ሞሪ የፈቀደው የልዩ ትዕይንት ባለሙያው ኤይጂ ጹቡራያ «ይሠራል» ካለ በኋላ ነው። ልብ በይ፣ ከዳይሬክተሩ በፊት የተጠየቀው አስቸጋሪውን ክፍል የሚሠራው ሰው ነው። ለዳይሬክተርነት የተጠየቀው ሴንኪቺ ታኒጉቺ እምቢ አለ፤ ወደ ኢሺሮ ሆንዳ ሄዱ። ሆንዳ ከጦርነቱ ሲመለስ በሂሮሺማ ፍርስራሽ ያለፈ ሰው ነው፤ የፊልሙ ሐዘን ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ሙዚቃውን አኪራ ኢፉኩቤ ያዘ። ፊልሙ ኖቬምበር 3 በመላ ጃፓን ታየ፤ 9.6 ሚሊዮን ገደማ ትኬት ተሸጠ። ከቪዛው ክልከላ እስከ ምረቃው አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም።

ለጥያቄሽ መልሱ ይኸው፦ ባዶ የቀረ ቀን መሙላት፣ ለእያንዳንዱ ሥራ ሰው መምረጥ፣ አንዱ እምቢ ሲል ሥራው ሳይቆም ሌላ መፈለግ።

አዝዋ ገደል፦
ስለ ሞዴሉ እኔ ልጨምር። የጹቡራያ ቡድን የተጠቀመው በአብዛኛው 1/25 መጠን ነው። አውሬው 50 ሜትር ተብሎ ስለታሰበ፣ ተዋናይ ውስጡ ገብቶ የሚጫወትበት የአውሬው ልብስ 2 ሜትር ይሆናል። እናንተም በዚህ ከሄዳችሁ 10 ሜትር ሕንጻ 40 ሳንቲ ሜትር ነው።

ትልቁ ስህተት ፍጥነት ላይ ነው። ትንሽ ሕንጻ የሚወድቅበት ከፍታ አጭር ስለሆነ ቶሎ መሬት ይደርሳል፤ በተለመደው ፍጥነት ከተቀረጸ መጫወቻነቱ ይታወቃል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የመጠኑን ስኩዌር ሩት ውሰዱ። የ25 ስኩዌር ሩት 5 ነው፤ የፊልም የተለመደ ፍጥነት በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ስለሆነ፣ 24 በ5 ሲባዛ 120 ፍሬም በሰከንድ። በዚያ ቀርጻችሁ በ24 ታሳያላችሁ።

120 ላይ ብርሃን ይጠፋባችኋል፤ አምስት እጥፍ ትፈልጋላችሁ። የቤት አምፖል ደግሞ መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ምስሉ ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። ስለዚህ ደጅ፣ በጠዋት ፀሐይ ቅረጹ። ከሰዓት በኋላ የጦሳ ተራራ ጉም ከወረደ ብርሃኑ ከቀረጻ ቀረጻ ይለያይባችኋል።

ካርቶን አይሆንም፤ ይታጠፋል እንጂ አይፈርስም። እነሱ በስስ እንጨት አጽም ላይ ጀሶና ጠመኔ ቀላቅለው ይለጥፉ ነበር። እናንተም አጽሙን በስስ ኮምፔንሳቶ ሥሩና ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ጀሶ ልበጡበት፤ ከወፈረ በትልቅ ገበታ ነው የሚወድቀው። ከመድረቁ በፊት ከጀርባው በምላጭ ፈር አውጡለት፣ በዚያ ይሰነጠቃል። ካሜራውን ከመሬት 6 ሳንቲ ሜትር ላይ አድርጉት፤ የቆመ ሰው ዓይን በ1/25 እዚያ ነው። ከፍ ካለ ሞዴልነቱ ይጋለጣል። ውኃና እሳት አታስገቡ፤ ጠብታና ነበልባል በመጠን አያንስም።

ልብሱን ለሚለብሰው ልጅ እዘኑለት። የመጀመሪያው ልብስ 100 ኪሎ ገደማ ይመዝን ስለነበር ለባሹ ተዋናይ ሃሩዎ ናካጂማ ውስጡ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚቆየው። በኋላ ቀለል ያለ ሠሩ፤ አሮጌውን ቆርጠው እግሩ ብቻ ለሚታይበት ተጠቀሙበት። እናንተ በስፖንጅ ሥሩት።

የሐይቅ ሰው፦
ታናካን በጎድዚላ ብቻ አትጨርሱት። የዳይሬክተሩን የአኪራ ኩሮሳዋን ፊልም ዮጂምቦ (1961) ከሪዩዞ ኪኩሺማ ጋር ፕሮዲውስ ያደረገው እሱ ነው። በ1980 በካን የፊልም ፌስቲቫል ዋናውን ሽልማት፣ የወርቅ ዘንባባውን፣ የተጋራው የኩሮሳዋ ካጌሙሻም ላይ ስሙ አለ። በጠቅላላው ከ200 ፊልም በላይ ሠርቷል።

ውድቀቱም መነሳት አለበት። ቴሌቪዥን ተመልካቹን ሲወስድ የጎድዚላ ትኬት እየቀነሰ በ1975 ከአንድ ሚሊዮን በታች ወረደ። ታናካ ያን ጊዜ አቆመ፤ በየዓመቱ ማውጣቱን አልቀጠለም። 9 ዓመት ቆይቶ በ1984 አውሬውን እንደገና አስፈሪ አድርጎ መለሰው። እስከ 1995 ድረስ 22 የጎድዚላ ፊልሞች በእሱ ስም ወጡ፤ በ1997 በ86 ዓመቱ አረፈ። ለእኔ የፕሮዲውሰርነቱ ትልቅ ማስረጃ ያ የ9 ዓመት ዝምታ ነው።

ሰሚራ ከደሴ፦
አላህ ይስጣችሁ። አንድ ችግር አለ፤ ያለን ስልክ ከ60 ፍሬም አያልፍም። ተስፋ እንቁረጥ?

አዝዋ ገደል፦
አብሽሪ። ስሌቱን ገልብጪው፦ 60 ለ24 ሲካፈል 2.5፣ እሱ በራሱ ሲባዛ 6.25። መጠናችሁ 1/6 ይሁን ማለት ነው። 10 ሜትር ሕንጻ ያኔ 1 ሜትር ከ67 ስለሚሆን ሙሉ ፒያሳን መሥራት አትችሉም። የአንዱን ፎቅ ፊት ለፊት ግድግዳ ብቻ ሥሩ። ካሜራውም ወደ 27 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። አውሬውን ሙሉውን ማሳየት አይቻልም፤ ግድግዳውን የሚመታ አንድ እግር ይበቃችኋል። ጀሶው ግን ለሁለት ሙከራ የሚበቃ ይሁን፤ የመጀመሪያው ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ ባልታሰበበት በኩል ነው የሚወድቀው።