ከ30 ዓመት በኋላ የመጣ ይቅርታ፦ ተገቢ ነው ወይስ አጉል?

ጠያቂው፦ ፒርካ-ፔካ ፔቴሊዩስ ፊንላንዳዊ ኮሜዲያንና ተዋናይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በአኪ ካውሪስማኪ ፊልም ሃምሌትን ሆኖ ሠርቷል። ሰፊው ሕዝብ ግን በቴሌቪዥን ቀልዶቹ ነው የሚያውቀው። ከሌላው ኮሜዲያን ከአኬ ካሊያላ ጋር ሆነው ሳሚዎችን፣ ማለትም የሰሜኑን ነባር ሕዝብ፣ መስለው ይጫወቱ ነበር። ፊታቸው ቆሻሻ፣ ጥርሳቸው ወላቃ፣ ባለ አራት ጫፉን የሳሚ ቆብ ደፍተው፣ ሁሌ ሰክረው፣ «ኑኑካ ኑኑካ ላይ ላይ ላ» እያሉ። በ2019 የአረንጓዴዎቹን ፓርቲ ወክሎ ፓርላማ ገባ። በዚያው ዓመት በቪዲዮ ይቅርታ ጠየቀ። ምን ትላላችሁ?

የጉለሌው፦ አጉል ነው። ቀልድ የዘመኑ ነው። ያኔ አገር ምድሩ ሆዱን ይዞ ሲስቅ ነበር። የትናንቱን ስንለቅም ከዋልን ኮሜዲ የሚባል ነገር አይተርፈንም።

መምህሯ፦ «አገር ምድሩ» ማንን ይጨምራል? ሳሚዎች ፊንላንድ ውስጥ 10 ሺህ ገደማ ናቸው። ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ያቺው «ላይ ላይ ላ» እየተዘፈነባቸው ነው ያደጉት። የባህል ልብስ ለብሶ መውጣት መሳቂያ ያደርግ ነበር። ደግሞ ሰውየው የ1953 ልጅ ነው። ያኔ በሠላሳዎቹ ውስጥ ነበር፤ ጎረምሳ አልነበረም።

የጉለሌው፦ ታዲያ ጥፋቱ የታየው ፖለቲከኛ ሲሆን ነው? ድምፅ ፍለጋ ነዋ!

የሄልሲንኪው፦ እሱስ አያስኬድም። ምርጫው ሚያዝያ ላይ አልቋል፤ ይቅርታው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የተመረጠውም እዚህ ደቡብ፣ ኡውሲማ ውስጥ ነው። የሳሚዎቹ ነባር ቀዬ ኢናሪ ከሄልሲንኪ ከ1 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። «ጂፕሲ» ይባሉ ለነበሩት ለሮማዎችም ጭምር ነው ይቅርታ የጠየቀው። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ያንን አይቶ «ይተላለፍ» ያለው የጣቢያ ኃላፊስ?

የጉለሌው፦ እሺ፣ ይቅርታውን ልዋጠው። የቀልዶቹ ቅጂ ይጥፋ ካላችሁ ግን ሞቼ እገኛለሁ።

መምህሯ፦ ኧረ ማን ይጥፋ አለ? እኔማ ተማሪዎች አይተውት ቢወያዩበት ደስ ይለኛል። ብቻ እንደ ተራ ጨዋታ በበዓል ምሽት አይለቀቅ።

የሄልሲንኪው፦ ዛሬ አንድ ጎልማሳ የሥራ ባልደረባዬን ስለዚህ ነገር ጠየቅኩት። ይቅርታውን አላስታወሰም። ዜማዋን ግን እስከ መጨረሻዋ አንጎራጎራት።