ሲግናሉ ሙሉ፣ ዳታው ግን ቀርፋፋ፤ የጎረቤት ሴሎችን ኢንተርፌረንስ እንዴት ልቀንስ?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። ኔትወርኩ 1800 ሜጋኸርዝ ላይ ያለ ኤልቲኢ ነው፤ ሁሉም ሴል (የአንድ አንቴና ሽፋን) ያንኑ 20 ሜጋኸርዝ ይጠቀማል። ሁለት ሳይቶች በሚገናኙበት ሰፈር አርኤስአርፒው (የሲግናሉ ጥንካሬ) -82 ዲቢኤም ሆኖ ሲንሩ (ሲግናሉ ከኢንተርፌረንሱ፣ ማለትም ከረብሻው፣ የሚበልጥበት) ከ0 እስከ 2 ዲቢ ብቻ ነው። አንቴናው 30 ሜትር ላይ ተሰቅሏል፣ ቲልቱ (ወደ ታች ያዘነበለበት) 2 ዲግሪ፣ መሸፈን ያለበት 600 ሜትር። ፓወር ልጨምር?

ሲግናል፦ ኧረ ፓወሩን ተወው! -82 ከበቂ በላይ ነው። ብትጨምር የጎረቤቱን ሴል ነው የምትረብሸው። መጀመሪያ በድራይቭ ቴስቱ (በመኪና እየዞሩ በሚለኩት) ከሰርቪንግ ሴሉ (ስልኩ ከተያያዘበት) በ6 ዲቢ ውስጥ፣ ማለትም እስከ -88 ድረስ፣ ስንት ሌላ ሴል እንደሚታይ ቁጠር። ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ከመካከላቸው ያለ ቦታው የመጣ አለ። የትኛው እንደሆነ ታይሚንግ አድቫንስ (የስልኩን ርቀት የሚያሳየው መለኪያ) ይነግርሃል፤ አንዱ እርከን 78 ሜትር ገደማ ነው። ለ600 ሜትር የታሰበ ሴል 25ኛው እርከን ላይ ተጠቃሚ ካለው 2 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው።

ባለቲልት፦ 2 ዲግሪ በጣም ያንሳል። 30ን ለ600 ስታካፍል 0.05፣ በዲግሪ 2.9 ይመጣል። ይሄ ግን የጨረሩን መሀል ነው ሴሉ ዳር ላይ የሚያሳርፈው፤ የላይኛው ግማሽ አልፎ ይሄዳል። የጨረሩ የቁመት ስፋት 6.5 ዲግሪ ከሆነ ግማሹን ደምረህ ወደ 6 ትጠጋለህ። በአንዴ አታውርደው፤ 4 አድርገህ ለካ፣ ሃንድኦቨር (ስልኩ ከሴል ወደ ሴል መሸጋገሩ) መውደቅ ካልጀመረ ቀጥል። ሳይቱ ኮረብታ ላይ ከሆነ የመሬቱንም ከፍታ ደምር፦ 40 ሜትር ቢጨመር 70 ለ600፣ ከግማሽ ጨረሩ ጋር 10 ዲግሪ ይጠጋል።

በተቻለ መጠን ኤሌክትሪካል ቲልት (አንቴናው ሳይነካ ጨረሩን ብቻ የሚያወርደውን) ተጠቀም። ሜካኒካሉ (አንቴናውን ራሱን የሚያዘነብለው) ፊት ለፊቱን ብቻ ነው የሚያወርደው፤ ጎንና ጎኑ እንዳለ ይቀራል፣ ጀርባው እንዲያውም ቀና ይላል። ብዙ ሰው ይሄን ይዘነጋና «ቲልት አድርጌም አልተለወጠም» ይላል።

ሞድ ሦስት፦ ፒሲአዮቹንም (የሴሎቹን መለያ ቁጥሮች) እይ። 121 እና 244 ፊት ለፊት ከተያዩ ለ3 ሲካፈሉ ሁለቱም 1 ይተርፋቸዋል፤ ባለ ሁለት አንቴና ፖርት ሴሎች ከሆኑ ሪፈረንስ ሲግናላቸው (ስልኩ ሴሉን የሚለካበት) እርስ በርስ ይጋጫል። ስትቀይር የጎረቤት ዝርዝሩንም አብረህ አስተካክል፤ ሴሉ ጠፍቶ ስለሚነሳ ሌሊት ይሁን። ሲንሩ አማረ ብለህ ግን አትዘናጋ፤ ትራፊክ ሲበዛ የጎረቤቱ ዳታ ሪፈረንሱ ላይ መውደቁ አይቀርም። ቲልቱን አይተካም።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። አፕሎዱስ? አልፋው (ስልኩ በመንገድ የሚጠፋውን ሲግናል ስንት እጁን በፓወር እንደሚያካክስ የሚወስነው) 1 ላይ ነው።

ሲግናል፦ 0.8 ይበቃዋል፤ 1 ላይ ዳር ያለ ስልክ እየጮኸ ጎረቤቱን ይረብሻል። ግን አልፋን ብቻ አትቀይር። ፓዝ ሎሱ (በመንገድ የሚጠፋው ሲግናል) 120 ዲቢ የሆነ ስልክ ባንዴ 24 ዲቢ ይወርድበታል፣ ስለዚህ ፒ-ዜሮውንም (የስልኩ ፓወር የሚነሳበትን መጠን) ከፍ አድርግ። ከዚያ በፊት ግን ትራፊክ በሌለበት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ በሪሶርስ ብሎክ (በአንዷ ትንሽ የፍሪኩዌንሲ ድርሻ) የሚለካውን ኢንተርፌረንስ ተመልከት፦ -118 አካባቢ ከሆነ ንጹሕ ነው። ያኔም -105 ካሳየህ ጎረቤቱን አትውቀስ፤ የላላ ኮኔክተር ወይም ከውጭ የሚረብሽ ሪፒተር (ሲግናል ማጉያ) ፈልግ።