አስቸኳይ! አርዱይኖዬ ይጠፋል ይበራል፣ እንቁላሎቹ 16ኛ ቀናቸው ነው

ጫጩት ጠባቂ (አዳማ)
ወገን ድረሱልኝ! ራሴ የሠራሁት የእንቁላል መፈልፈያ ነው፣ አርዱይኖ በምትባል ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ ነው የሚሠራው፣ 48 እንቁላል ውስጡ አለ። ከትናንት ማታ ጀምሮ የእንቁላል ማዞሪያው ሊዞር ሲል ቦርዱ ሪስታርት ያደርጋል። አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሳይዞርም ድርግም ይላል። ኮዱን ሦስቴ ደግሜ ጫንኩት፣ ያው ነው። ሙቀቱ ከ37.5 ወደ 35 ወርዷል። ምን ላድርግ?

ቦምባ
አዳፕተር ቀይር።

ጋሽ ቮልት
ልጄ፣ ከመሠረቱ እንነሳ። ቮልቴጅ ማለት ሮቶ ውስጥ ያለ ውሃ ከፍታ ነው። ከረንት በቧንቧው የሚወርደው ውሃ ነው። ሬዚስታንስ የቧንቧው ጥበት ነው። የዛሬ ልጆች ይህን ሳታውቁ ኮድ ትጭናላችሁ። እኛ በዘመናችን ሬዲዮ ስንፈታ...

ቀበሌ 04
ጋሼ፣ ሬዲዮው ሳይገጠም ጫጩቶቹ ይፈለፈላሉ 😂

የገጠር ልጅ
ቆይ፣ የሚያሞቀውን አምፖል ለማብራትና ለማጥፋት ኮምፒውተር ምን ያደርጋል? ደብልዩ 1209 የምትባል ተርሞስታት (ሙቀት መቆጣጠሪያ) አለች፣ ያለ ኮድ ትሠራለች። እናቴ ቤት ያለችው ዶሮማ እሷንም አትፈልግ።

ጫጩት ጠባቂ
ለቀጣዩ እሺ። አሁን 48ቱን የእናትህ ዶሮ ትታቀፍልኛለች?

እቴ ሶልደር
ሦስት ነገር ንገረኝ። አዳፕተሩ ስንት ቮልት ነው? የማዞሪያው ሰርቮ (ሞተሩ) ቀይ ሽቦ የት ነው የተሰካው? ቦርዱ ምን ላይ ነው የተቀመጠው?

ጫጩት ጠባቂ
12 ቮልት 2 አምፒር፣ ክቡ ቀዳዳ ላይ። ሰርቮው ኤምጂ 996 ነው፣ ከቦርዱ 5 ቮልት ፒን ይወስዳል። የተቀመጠበት ምን ያገናኘዋል? ቆርቆሮው ክዳን ላይ ነው። እንዳይነካ ብዬ አብሮት የመጣውን ብርማ ላስቲክ ከሥሩ አንጥፌለታለሁ።

ቦምባ
አልኩህ እኮ፣ አዳፕተሩ ነው።

እቴ ሶልደር
አዳፕተሩ ምንም አልሆነም፣ ተዉት። ሁለት ችግር ነው ያለብህ።

ሊዞር ሲል የሚጠፋው በሰርቮው ነው። ቦርዱ ላይ ያለችው ትንሿ ሬጉሌተር 12ን ወደ 5 ስታወርድ ትርፉን 7 ቮልት በሙቀት ነው የምታቃጥለው። ሰርቮው ጭነት ሲይዘው 1 አምፒር ቢስብ 7 ዋት ነው፣ የጥፍር ስፋት እንኳ ለሌላት ነገር። ስትግል ራሷን ትዘጋለች። በጣትህ ንካት፣ ትፋጃለች። ኤልኤም 2596 የሚባለውን ማውረጃ ግዛ፣ ከዚያው አዳፕተር ለሰርቮው ለብቻ 5 ቮልት ስጠው። መጀመሪያ ሰርቮውን ሳታገናኝበት በመልቲሜትር እያየህ 5 ላይ አስተካክለው፣ ተስተካክሎ አይመጣም። የሰርቮውና የቦርዱ ግራውንድ (የኔጌቲቭ ሽቦ) አንድ ይሁን፣ አለዚያ ሰርቮው እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል።

ሳይዞር የሚጠፋው ደግሞ በዚያ ላስቲክ ነው። መሃሉ ስስ ብረት አለበት፣ ከቦርዱ ሥር የወጡት የፒን ጫፎች ሲበሱት እርስ በርስ ይገናኛሉ። ኮምፔርሳቶ ላይ እሰረው። የእስክሪብቶ ቀፎ አንድ አንድ ሳንቲ ቆርጠህ በየብሎኑ ሥር አድርግ፣ ቦርዱ ከፍ ይላል። አንዱ ቀዳዳ ለፒኖቹ በጣም ቅርብ ስለሆነ እዚያ የብረት ብሎን አታስገባ። አምፖሉን የሚያበራና የሚያጠፋው ሪሌይ ላይ 220 ቮልት ስላለ እጅህን ከማስገባትህ በፊት ከሶኬት ንቀል!

ቀበሌ 04
ማውረጃው ካልተገኘስ?

እቴ ሶልደር
ሰርቮውን ንቀልና እንቁላሎቹን በእጅህ በቀን ሦስቴ አዙር። ከ18ኛው ቀን በኋላ እንቁላል አይዞርም፣ የሁለት ቀን ሥራ ነው።

ጫጩት ጠባቂ
እህቴ ተባረኪ! ላስቲኩን አነሳሁት፣ በመርፌ እንደተወጋ ተበሳስቷል። ለጊዜው ደረቅ ካርቶን ላይ አስቀመጥኩት፣ ሰርቮውንም ነቀልኩ። 20 ደቂቃ ሆነው፣ አልጠፋም። 36.8 ደርሷል። ነገ ፍራንኮ አካባቢ ማውረጃውን እፈልጋለሁ።

ጫጩት ጠባቂ
መብራት ሄደ። ሰፈሩ በሙሉ።

እቴ ሶልደር
ክዳኑን አትክፈት። ብርድ ልብስ ጣልበት፣ የአየር ቀዳዳውን ግን አትድፈነው። ለትንሽ ሰዓት ቢቀዘቅዝ ወዲያው አይሞቱም።

ቦምባ
ታዲያ አዳፕተሩን ቀየርከው?

የገጠር ልጅ
እንቁላሎቹ ግን የሀበሻ ናቸው የፈረንጅ?