ሞተሩ ሲነሳ አርዱዊኖው ሪሴት ያደርጋል፣ ፍጥነቱም አልረጋ አለ

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። 12 ቮልት ባለ ብሩሽ ዲሲ ሞተር በአርዱዊኖ ኡኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ) እያዞርኩ ነው፤ ድራይቨሩ፣ ማለትም ለሞተሩ ኃይል የሚያቀብለው ሰርኪዩት፣ ኤል298ኤን ነው። ሞተሩ ሲነሳ አርዱዊኖው ሪሴት ያደርጋል። ደግሞ በደቂቃ 300 ዙር ሂድ ስለው ንባቡ አንዴ 150፣ አንዴ 450 ይላል። የምለካው 20 ቀዳዳ ባለው ዲስክና በብርሃን ሴንሰር ነው፣ በየ20 ሚሊሰከንዱ እቆጥራለሁ። ፒአይዲ (የተለካውን ፍጥነት እያየ ኃይሉን የሚያስተካክል ስሌት) ስጨምርበት ጭራሽ ባሰበት። ረብሻ እንዲቀንስ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ክፍል) አድርጌያለሁ፣ ለውጥ የለም።

መልስ 1፦
ካፓሲተሩን የት ነው የበየድከው? አርዱዊኖውስ ኃይል የሚያገኘው ከየት ነው?

ጠያቂ፦
ድራይቨሩ ጋ ነው የበየድኩት። ኃይሉ ከዛው ከ12 ቮልቱ ባትሪ ነው፣ በድራይቨሩ 5 ቮልት መውጫ በኩል።

መልስ 1፦
በቃ ተገኘ። ሞተር ሲነሳ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ከረንት ይስባል፤ ቮልቴጁ ሲወርድ አርዱዊኖው ይጠፋል። ለብቻው ኃይል ስጠው፣ ግራውንዶቹን ግን አንድ ቦታ ላይ አገናኛቸው። በድራይቨሩ የኃይል መግቢያ ላይ 470 ማይክሮፋራድ ጨምር። ይሄን ትልቁን ሞተሩ ላይ እንዳትበይደው፤ አቅጣጫ ስትቀይር ፕላስና ማይነሱ ይገለበጥና ሊፈነዳብህ ይችላል።

ትንሹ ካፓሲተር ደግሞ ቦታው ሞተሩ እግር ላይ ነው። ረብሻውን የሚፈጥረው ብልጭታ የሚነሳው ሞተሩ ውስጥ ብሩሹ ጋ ነዋ! ድራይቨሩ ጋ እስኪደርስ ገመዱ እንደ አንቴና ይረጨዋል። 104 የተጻፈበት ሴራሚክ፣ ማለትም 100 ናኖፋራድ፣ ይበቃል። ገመዶቹንም እርስ በርስ ጠምዝዛቸው።

መልስ 2፦
ሲዞር ሲ...ል የሚል ድምፅ ካለው ፒደብልዩኤሙ (ኃይሉን ቶሎ ቶሎ እያበራ እያጠፋ ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው ምልክት) ነው። ፒን 9 ላይ 490 ኸርዝ ገደማ ነው። ወደ 20 ኪሎኸርዝ ስታወጣው ጆሮ አይሰማውም፣ ኤል298ኤኑ ግን ይበልጥ ይግላል።

መልስ 3፦
ሁላችሁም ልክ ናችሁ፣ የፍጥነቱ ችግር ግን ሞተሩ ላይ ያለ አይመስለኝም። እስቲ አስሉት። 300 ዙር በደቂቃ ማለት 5 ዙር በሰከንድ ነው። በ20 ቀዳዳ ሲባዛ በሰከንድ 100 ምት (ቀዳዳ ባለፈ ቁጥር ሴንሰሩ የሚልከው ምልክት)። በ20 ሚሊሰከንድ ውስጥ ስንት ይደርስሃል? ሁለት! አንድ ምት ካመለጠህ 150፣ አንድ ትርፍ ከገባ 450። ያየኸው ቁጥር ይሄው ነው። ፒአይዲው ምን ያድርግ፣ የተነገረውን አምኖ ነው የሚሯሯጠው።

ምት መቁጠሩን ተወው። በሁለት ምቶች መሃል ያለውን ጊዜ በማይክሮሰከንድ ለካ። በዚህ ፍጥነት 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ከ2 ሚሊሰከንድ በታች የመጣውን ረብሻ ነው ብለህ ጣለው። የመጨረሻዎቹን 4 ምቶች አማካይ ለፒአይዲው ስጥ። ስክሪን ላይ ለማሳየት ከሆነ የ20ውን ውሰድ፤ አንድ ሙሉ ዙር ስለሆነ የቀዳዳዎቹ አለመመጣጠን ይጣፋል። የፒአይዲውን ዲ፣ ማለትም ለለውጥ ፍጥነት ምላሽ የሚሰጠውን ክፍል፣ ዜሮ አድርገው፣ ረብሻ ማጋነን ነው ሥራው።

ጠያቂ፦
ኃይሉን ለየሁት፣ ሪሴቱ ቆመ። ጊዜውን ስለካ ደግሞ ንባቡ ከ290 እስከ 310 ውስጥ ገባ፣ ያውም ፒአይዲው ጠፍቶ። ካፓሲተሩን ገና አላዛወርኩትም፣ ነገ እበይደዋለሁ።

መልስ 1፦
ሳትበይደው በፊት የሞተሩን እግር በአሸዋ ወረቀት ፋቅ ፋቅ አድርገው፣ ካልሆነ ቆርቆሮው አይይዝልህም።