የደም ግፊት መድኃኒት የልብን ምት ማዛባቱን እንዴት ልለይ?

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ለገጣፎ በሚገኝ ክሊኒክ የምሠራ የጤና መኮንን ስሆን፣ በአንዲት እናት ጉዳይ የልብ ሕክምና ልምድ ያላችሁን ባለሙያዎች ምክር በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኚህ እናት ለደም ግፊታቸው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ሚሊግራም ይወስዳሉ፤ ልባቸው አልፎ አልፎ ምት እየዘለለች እንደምታስደነግጣቸው ስለነገሩኝ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ) አነሣኋቸው። የልብ ምታቸው በደቂቃ 96፣ ኪውቲ የሚባለው፣ ልብ በእያንዳንዱ ምት በኤሌክትሪክ ተነሣሥታ እስክትረጋጋ የሚወስደው ጊዜ ደግሞ 380 ሚሊሰከንድ ነው፤ ይህ ጊዜ ከልክ በላይ ሲረዝም የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። ማሽኑ ይህን ጊዜ ከምት ፍጥነት ጋር በሚያስተካክለው በባዜት ቀመር አርሞ 481 ሲያወጣ፣ እኔ ለዚሁ በሚያገለግለው በፍሪደሪሽያ ቀመር ሳሰላው 444 ገደማ ሆነ። የባዜት ቀመር ምት ሲፈጥን ውጤቱን ከልክ በላይ ከፍ እንደሚያደርግ ይታወቃል፤ ሆኖም የደማቸው ፖታሲየም ከልክ ዝቅ ብሎ 3.1 ሚሊሞል በሊትር ስለተገኘ፣ መድኃኒቱም ፖታሲየምን በሽንት እንደሚያስወጣ ስለማውቅ፣ ልዩነቱን የቀመር ጉዳይ ብቻ ነው ብዬ ለማለፍ ሕሊናዬ አልፈቀደም።

ይበልጥ ያስቸገረኝ ግን ለጨጓራ ባክቴሪያ ክላሪትሮማይሲን መጀመራቸው ነው፤ እርሱም ራሱ ኪውቲን ያስረዝማል። ካዘዘላቸው ሐኪም ጋር ተነጋግረን በሌላ ተክተነዋል፣ ፖታሲየምም ጀምረንላቸዋል።

የግፊት መድኃኒቱን ድርሻ ለይቶ ለማየት፣ ፖታሲየማቸው ሲስተካከል መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ኢሲጂውን መድገም ይሻላል ወይስ ከወዲሁ በሌላ የግፊት መድኃኒት፣ በአምሎዲፒን መተካት? ማግኒዥየም የሚለካ ላብራቶሪ በአቅራቢያችን ስለሌለ፣ ለእርሱና ለ24 ሰዓት የምት ክትትል ሳልዘገይ ወደ መሀል ከተማ ልላካቸው? እናቲቱ ብቻቸውን ስለሚኖሩ ጉዳዩ እጅግ አሳስቦኛል።