የአፕል አበባዬን ውርጭ እየፈጀብኝ ነው

ደብረ ብርሃን ዳር፣ ለማኅበራችን አባላት በተከፋፈለችው መሬት ላይ 6 የአፕል ዛፎች አሉኝ፤ 4ቱ አና፣ 2ቱ ዶርሴት ጎልደን የሚባሉ ዝርያዎች። በ2013 ክረምት ነው የተከልኳቸው። ቁመታቸው ከእኔ በልጧል። ፍሬ ግን እስካሁን ያየሁት 3 ብቻ፤ እነሱንም ወፍ ቀደመኝ።

ቅጠላቸው በራሱ አይረግፍም። አምና መስከረም መጨረሻ ላይ እንዲያብብ ብዬ ቅጠሉን በእጄ ሸመጠጥኩት። ከወር በኋላ አበባው ፈነዳ፤ ደስ አለኝ። ኅዳር ላይ ግን አንድ ሌሊት ውርጭ ወረደ። ጠዋት ስሄድ የአበባው መሃል እንደ ተቃጠለ ክብሪት ጠቁሯል። ዘንድሮም መስከረም ላይ ሸምጥጬ፣ ማታ ማታ ጭድ አጨስኩ፣ ጆንያ አለበስኳቸው። ጆንያው ራሱ አበባውን አራገፈው! ውሃና ፍግ አላጓደልኩም።

ደጋ ላይ አፕል ያላችሁ፣ ቅጠሉን በየትኛው ወር ብሸመጥጠው ነው አበባው ከውርጩ የሚያመልጠው?