ከትንሽ ቡቲክ ቀጭን ሐብል፣ ሎቲና ቀለበት ስገዛ ምን ላጣራ? (ጅማ)

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ ነው። ታናሽ እኅቴ በዚህ ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ስለምትመረቅ፣ ፈርጥ የሌለው ቀጭን ሐብል፣ ጥንድ ትንንሽ ሎቲና አንድ ልሙጥ ቀለበት ልሰጣት አስቤአለሁ። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንዲት ወጣት ብቻዋን የምትሠራባት ጠባብ ቡቲክ አለች፤ ከፊሉን ዕቃ ከአዲስ አበባ ታስመጣለች፣ ከፊሉን ራሷ ትገጣጥማለች። ሥራዎቿን ከልብ ወድጃቸዋለሁ። ነገር ግን አንዳንዱ ላይ «925» የሚል ማኅተም አለ፣ አንዳንዱ ላይ ምንም የለም፤ ወርቅማዎቹን ደግሞ «ቅብ ናቸው» ብላ በግልጽ ነግራኛለች። ባለፈው ዓመት ከሌላ ሱቅ የገዛሁላት የጆሮ ጌጥ በሁለት ቀን ውስጥ ጆሮዋን አሳክኮ ስላቆሰላት ዘንድሮ መሳሳት አልፈልግም። ባለሱቋን ሳላስቀይም ምን ብዬ ልጠይቃት? የቀለበቱን ልክስ እኅቴ ሳታውቅ እንዴት ላገኝ እችላለሁ?

የአንጥረኛ ልጅ፦ እንኳን ደስ ያላችሁ። አባቴ ብር አንጥረው ስላሳደጉኝ ከማኅተሙ ልጀምር። «925» ማለት ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር ነው፣ ቀሪው አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ነው ማለት ነው፤ መዳቡ የሚጨመረው ንጹሕ ብር ብቻውን ለስላሳ ስለሆነ እንዲጠነክር ነው። ይሁን እንጂ ማኅተሙን ማንም ሊመታው ስለሚችል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ማኅተም የሌለው ሁሉ ሐሰተኛ ነው ማለትም አይደለም። በአገራችን ብዙ የድሮ ጌጥ የተሠራው ጠገራ ብር፣ ማለትም 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የማሪያ ቴሬዛ ብር እየቀለጠ ሲሆን፣ የዚያ ብር ጥራት ከ1000 እጅ 833 ገደማ ነው። ስለዚህ ባለሱቋ በድሮ ብር ያሠራችው ዕቃ ካለ 925 ባይሆንም ብርነቱ እውነት ነው፤ ዋጋው ግን በዚያው ልክ ሊታሰብ ይገባል።

ማግኔት ይዘው ሊሄዱ ይችላሉ፣ ግን ብዙ አይመኑበት። ብርና ወርቅ በማግኔት አይሳቡም፤ ናስና መዳብም አይሳቡም። ማግኔቱ የሚያጋልጠው በውስጡ እንደ ብረት ያለ በማግኔት የሚሳብ ነገር ያለበትን ብቻ ነው። የመቆለፊያው ሞላ ብዙ ጊዜ የብረት ስለሆነ እሱ ብቻ ቢሳብ አይደንግጡ። ሁነኛው ፈተና ዕቃውን በአየርና በውሃ ውስጥ መመዘን ነው፤ ብር ከውሃ 10.5 ጊዜ ያህል ይከብዳል፣ ናስ ደግሞ 8.5 ጊዜ ገደማ። ሦስት ግራም የሚመዝን ሐብል ብር ከሆነ ውሃ ውስጥ 0.29 ግራም፣ ናስ ከሆነ 0.35 ግራም ያህል ይቀንሳል። ልዩነቱ ይህን ያህል ጥቂት ስለሆነ የወርቅ ቤት ሚዛን እንጂ የወጥ ቤት ሚዛን አይለየውም።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ እላለሁ፤ ቀጭን ሐብል ብዙ ጊዜ ተላቆ የሚወድቀው መሐሉ ላይ ተበጥሶ ሳይሆን መቆለፊያው የተንጠለጠለባት ትንሽ ቀለበት ላይ ነው። ጫፍና ጫፏ በብየዳ የተዘጋ መሆኑን በዓይንዎ ይዩ።

ነርስ ነኝ፦ የእኅትዎ ጆሮ ያሳከከው ኒኬል በሚባለው የብረታ ብረት ዓይነት ሳይሆን አይቀርም። ሰውነት አንድ ጊዜ ኒኬልን መቃወም ከጀመረ ጠባዩ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይዘልቃል፤ ስለዚህ የምትጠይቁት ከላይ ስለሚታየው ቀለም ብቻ መሆን የለበትም። የናስ ጌጥ ወርቅ ሲቀባ በመካከል የኒኬል ንጣፍ የሚደረግበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ቅቡ ሲለቅ ኒኬሉ ቆዳውን ያገኘዋል። በተለይ በጆሮ ቀዳዳ የምትገባው ዘንግ ከምን እንደተሠራች ይጠይቁ። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ እንዲህ ያለች ዘንግ በሳምንት በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ከ0.2 ማይክሮ ግራም ያነሰ ኒኬል ብቻ እንድትለቅ ነው የተፈቀደው። «ስቴንለስ ስቲል ኒኬል የለውም» የሚባለው ልክ አይደለም፤ 316 ኤል የሚባለው ዓይነት ከ10 እስከ 14 በመቶ ኒኬል አለው፣ ሆኖም አጥብቆ ስለሚይዘው የሚለቀው እጅግ ጥቂት ነው። ለእኅትዎ ቲታኒየም ከተገኘ እሱን፣ ካልሆነ እውነተኛ 925 ብር እመርጣለሁ።

የሰጦ ሰመሮ ነዋሪ፦ ለቀለበቱ፣ እኅትዎ የምታደርገውን ሌላ ቀለበት ወስደው የውስጡን ስፋት በማስመሪያ ይለኩ፤ 17 ሚሊ ሜትር ከሆነ ዙሪያው 53 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። በየትኛው ጣት እንደምታደርገው ማየት አይርሱ። ጥርጣሬ ካለዎት ብሩን ይግዙ፤ የብር ቀለበት አንጥረኛ ሊያሰፋው ወይም ሊያጠበው ይችላል፣ ስቲሉን ግን ማስተካከል አስቸጋሪ ነው።

እኔም ቡቲክ አለኝ፦ ባለሱቋን ላለማስቀየም መጨነቅዎ ደስ ብሎኛል። «ከሥሩ ምን አለ?» ተብሎ በትሕትና መጠየቅ የሚያስቀይም ነገር አይደለም፤ የሚያስከፋን «አርቴፊሻል ነው» ብሎ ሳይጠይቁ መፍረድ ነው። ቅብ መሆኑን ራሷ የነገረችዎ ሰው ሌላውንም ትነግርዎታለች ብዬ አምናለሁ። ዕቃውን ወርቅ ቤት ለማስመዘን ከፈለጉ ሙሉ ዋጋውን ይክፈሉና ብር ካልሆነ እንደምትመልስልዎ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ደረሰኙ ላይ «ሐብል» ብቻ ሳይሆን «የብር ሐብል፣ 925፣ ይህን ያህል ግራም» ተብሎ ይጻፍልዎ። ሎቲ ግን ከጆሮ ገብቶ ከወጣ ለንጽሕና ሲባል አንመልስም፤ ይህን ብትልዎ አይዘኑባት። ቅብ ሐብል ከላብና ከሽቶ ከተጠበቀ ይቆያል፤ ቅብ ቀለበት ግን እጅ በታጠቡና ዕቃ በነኩ ቁጥር ስለሚፋቅ ለየቀኑ አልመክርም።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ሄጄ እንደተባልኩት ጠየቅኋት። ወርቅማዎቹ ሎቲዎች ከቅቡ ሥር ናስ እንደሆኑ፣ በመካከል ኒኬል ይኑር አይኑር ግን እንደማታውቅ ሳትሸሽግ ነገረችኝ፤ ስለዚህ እነሱን ትቼ የብሮቹን መረጥሁ። የሐብሉን ትንሽ ቀለበት ስናያት ክፍት ሆና ስለተገኘች ራሷ አስበይዳ ልትሰጠኝ ቀጠሮ ይዘናል። ብር ሲጠቁር ሐሰተኛ ነው ማለት ነው? እኅቴ ይህን መጠየቋ አይቀርም።

የአንጥረኛ ልጅ፦ አይደለም። ብር በአየር ውስጥ ያለ ድኝ ሲነካው ይጠቁራል፤ እንደ ጅማ ባለ እርጥበታማ አየር ደግሞ ይፈጥናል። በማታደርገው ጊዜ አየር በማያስገባ ትንሽ ፌስታል ውስጥ ታስቀምጠው፤ ከጠቆረም በለስላሳ ጨርቅ ሲወለወል ይመለሳል።